ትኬቱን የቆረጠልኝ ማን ነው?

ዋሽንግተንና አካባቢዋ የምንኖር ሐበሾች ወደ አገር ቤት ለመሄድ ስናስብ የምናሳልፈው ምሽት አለ። ራት ተበልቷል፣ ልጆች ተኝተዋል፣ ላፕቶፑ ጉልበት ላይ ተቀምጧል። አንዱ ገጽ ይዘጋል፣ ሌላው ይከፈታል። ዋጋው ይወርዳል፣ ይወጣል፣ መልሶ ይወርዳል። ይህን ሁሉ ሰዓት ስንፈልግ የሚያስከፍለን የለም። በመቶ የሚቆጠሩ አየር መንገዶችን በአንድ ጊዜ አስሶ ዋጋ የሚደረድርልን ድርጅት፣ በሺህ የሚቆጠር ሠራተኛ እየቀጠረ፣ እኛን በነጻ ያገለግላል። ገንዘቡ ታዲያ ከየት እንደሚመጣ አጥብቄ እንድጠይቅ ያደረገኝ የታናሽ እህቴ ሠርግ ነው።

ሠርጉ በጥር ነበር። ከገና እስከ ጥር መጨረሻ አሜሪካ ያለው ወገናችን ወደ አዲስ አበባ ይጎርፋል፤ የትኬት ዋጋም አብሮ ይሰቀላል። እኔም በአንድ ዋጋ አነጻጻሪ ድረ ገጽ ላይ በአውሮፓ በኩል የሚያልፍ፣ ከሌሎቹ በደንብ የሚረክስ ትኬት አገኘሁ። ስጫነው አነጻጻሪው ራሱ አልሸጠልኝም፤ ስሙን ሰምቼው ወደማላውቅ ሌላ ድረ ገጽ አሳለፈኝ። እዚያ ሻንጣ ለብቻው ይከፈልበታል፣ መቀመጫ መምረጥ ለብቻው ይከፈልበታል፣ ኢንሹራንስም አለ፣ «ሐሳብዎን ቢቀይሩ» የሚል ሌላ ክፍያም አለ። በቀይ ቀለም «በዚህ ዋጋ የቀረው 3 ቦታ ብቻ ነው» ይላል። ከላይ ደቂቃና ሴኮንድ ወደ ታች ይቆጥራል። ከፈልኩ፤ ትኬቱም በኢሜይል መጣልኝ። ለእማዬ ደውዬ ሐሙስ ማታ ቤት ነኝ አልኳት።

ሠርጉ ሊደርስ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት ሌላ ኢሜይል መጣ። የመጀመሪያው በረራ ሰዓቱ ተገፍቷል። በአዲሱ ሰዓት አውሮፓ የምደርሰው የአዲስ አበባው አውሮፕላን በሩን ሲዘጋ ነው። ወዲያው አየር መንገዱ ጋ ደወልኩ። ሴትዮዋ ስሜን አገኘችው፣ መቀመጫዬንም አየችው። በማግሥቱ ቦታ ያለው በረራ እንዳለም ነገረችኝ። «ታዲያ ወደዚያ አዙሪልኝ» ስላት «ትኬቱን የቆረጠው ወኪል ስለሆነ እኛ ልንነካው አንችልም፤ የገዙበት ጋ ይደውሉ» አለችኝ።

የገዛሁበት ጋ ደወልኩ። መጀመሪያ የመለሰልኝ ቻት ላይ ያለ ማሽን ነው፤ ምን ብጽፍለት እዚያው ስለ ሻንጣ ክብደት የሚያስረዳ ገጽ ላይ ይመልሰኛል። ስልኩን የሚያነሳ ሰው የተገኘው ብዙ ሙዚቃ ካዳመጥኩ በኋላ ነው፤ እሱም የላቀ አገልግሎት የሚባለውን ጥቅል ስላልገዛሁ ተራዬን በኢሜይል እንድጠብቅ ነገረኝ። ከአየር መንገዱ ወደ ወኪሉ፣ ከወኪሉ ወደ አየር መንገዱ ስመላለስ ቀኖቹ አለቁ። ገንዘቤን መልሱልኝ ማለት እችል ነበር። ነገር ግን በዚያ ሰዓት አዲስ ትኬት ልግዛ ብል ዋጋው ከከፈልኩት እጥፍ አልፏል። በመጨረሻ የተሰጠኝ ለውጥ አዲስ አበባ የሚያስገባኝ ሰኞ ጠዋት ነው። ሠርጉ እሑድ ነው።

እሑድ ጠዋት አውሮፓ አየር ማረፊያ ውስጥ፣ አንድ ዳቦ ቤት አጠገብ ካለ ወንበር ላይ ተቀምጬ በስልክ አየሁት። የአጎቴ ልጅ ስልኩን ከፍ አድርጎ ይዞልኛል። እህቴ ነጭ ለብሳ፣ ሽማግሌዎቹ ፊት ጎንበስ ብላ፣ የእማዬን ጉልበት ልትስም ስትል ምስሉ ቀጥ አለ። ድምፁ ብቻ ቀረ። «አሜን፣ አሜን» የሚለው ይሰማኛል፤ የሚመርቀው ማን እንደሆነ መለየት አልቻልኩም። ምስሉ ሲመለስ መኪናው በር ላይ ደርሰው ነበር። ለመልሱ ደረስኩ፤ መልስ ግን መልስ ነው። አባታችን በሕይወት ስለሌለ እሷን አስይዤ የማስረክበው እኔ ነበርኩ፤ ያን ቀን ማንም አይመልሰውም።

ይህ ከደረሰብኝ ወዲህ በዚህ ሥራ ውስጥ ያሉ ሰዎችን ባገኘሁ ቁጥር የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ የሚከፍላችሁ ማን ነው?

በአነጻጻሪዎቹ ልጀምር። ስካይስካነር፣ ካያክ፣ ትሪቫጎ የመሳሰሉት አብዛኛውን ገቢያቸውን የሚያገኙት እኛ ስንጫን ነው። ጣታችን አንዱን ዋጋ ነክቶ ወደ ሻጩ ገጽ ስንሻገር ሻጩ ለዚያች ንክኪ ይከፍላል፤ ወይም ደግሞ ከገዛን በኋላ ከሽያጩ ያካፍላል። እስከዚህ ድረስ ነውር የለበትም። ነውሩ የሚመጣው ክፍያው የዋጋዎቹን ተራ ሲያዛባ ነው። አውስትራሊያ ውስጥ የሸማቾች ጉዳይ ባለሥልጣን ትሪቫጎን ፍርድ ቤት አቁሞት ነበር። ድርጅቱ በቴሌቪዥን ያስነግር የነበረው የሆቴሎችን ርካሽ ዋጋ አገኝላችኋለሁ እያለ ነው። ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2020 የደረሰበት ግን ከላይ ጎላ ብሎ የሚቀመጠውን ዋጋ ለመምረጥ ሻጩ ለአንድ ንክኪ የሚከፍለው ገንዘብ ትልቅ ቦታ እንደነበረው ነው። ከተመረመሩት ዝርዝሮች 66.8 በመቶ በሚሆኑት ላይ፣ ርካሽ ዋጋ እያለ የበላይ ሆኖ የታየው ውዱ ነበር። በ2022 ትሪቫጎ 44.7 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር እንዲቀጣ ተፈረደበት። እንግሊዝም ውስጥ የውድድርና ገበያ ባለሥልጣኑ በ2019 ስድስት ትልልቅ የሆቴል ድረ ገጾች አሠራራቸውን እንዲያስተካክሉ አስማምቷል። የቅሬታው ዝርዝር ተደብቆ የሚመጣ ክፍያ፣ በኮሚሽን የሚወሰን ቅደም ተከተልና ሰውን የሚያስቸኩል ማስታወቂያ ነበር። እኔን ያስቸኮለኝ ቀይ ጽሑፍ የዚያው ዘር ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ሰው ስለማያውቀው ነው። እናነጻጽራቸዋለን የምንላቸው ስሞች ቤተሰቦች ናቸው። ቡኪንግ ዶት ኮም፣ አጎዳ፣ ፕራይስላይንና ካያክ የአንድ ኩባንያ ልጆች ናቸው። ሆቴልስ ዶት ኮም፣ ኦርቢትዝና ትራቭሎሲቲ የኤክስፔዲያ ናቸው፤ ትሪቫጎም ውስጥ ትልቁ ባለድርሻ ኤክስፔዲያ ነው። ስካይስካነር ከ2016 ጀምሮ የቻይናው ትሪፕ ዶት ኮም ቡድን ነው። አራት መስኮት ከፍቶ ያመሸ ሰው ሁለት ነጋዴ ብቻ አነጋግሮ ሊሆን ይችላል።

የአየር ትኬቱን ጉዳይ ያስረዱኝ ሲልቨር ስፕሪንግ ትኬት ቢሮ ያላቸው አንድ ጋሼ ናቸው። ከኢንተርኔት በፊት ጀምሮ ለሐበሻ ትኬት ሲቆርጡ የኖሩ ሰው ናቸው። ቢሯቸው ጠባብ ነው፤ ግድግዳው ላይ የላሊበላ ፖስተርና የዓመቱ የጾምና የበዓል መቁጠሪያ ተሰቅሏል። የደረሰብኝን ስነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ልጄ፣ ድሮ እኮ ለእኛ የሚከፍለን አየር መንገዱ ነበር» አሉኝ። «ከመቶ ዐሥር። ተጓዡ ምንም አይጨምርም። በ1995 ዴልታ ለአገር ውስጥ ጉዞ ከ50 ዶላር በላይ ኮሚሽን አልከፍልም አለ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። በ2002 ጭራሽ አቆሙት። ከዚያ በኋላ ወኪል የሆነ ሁሉ እንጀራውን ሌላ ቦታ መፈለግ ነበረበት።»

ሌላው ቦታ የት እንደሆነ ዘርዝረው ነገሩኝ። ሴበርና አማዴየስ የሚባሉት የትኬት መያዣ ሥርዓቶች አሉ። ሴበር በአሜሪካን ኤርላይንስና በአይቢኤም የተጀመረ ነው፤ አማዴየስን በ1987 የመሠረቱት አራት የአውሮፓ አየር መንገዶች ናቸው። ሥርዓቶቹ ለያዙት በረራ ሁሉ አየር መንገዱን ያስከፍሉና ብዙ ለሚያስይዝ ወኪል ከዚያ ላይ ያካፍላሉ። ለጥቂት መንገዶች ደግሞ አየር መንገዶች በጅምላ ዋጋ ይሰጣሉ፤ ጋሼ የሚኖሩት በዚህ ነው፣ በጅምላው ላይ የራሳቸውን ጨምረው ይሸጣሉ፣ የጨመሩትንም አይደብቁም። እኔ የገዛሁበት ዓይነት ድረ ገጽ ግን ትኬቱን ራሱን ያለ ትርፍ፣ አንዳንዴም በኪሳራ ይሸጠዋል። አነጻጻሪው ላይ አንደኛ ሆኖ ለመታየት ይህን ያደርጋል። ትርፉን የሚለቅመው ከዚያ በኋላ ነው፤ ከሻንጣው፣ ከመቀመጫው፣ ከኢንሹራንሱ፣ ለመቀየር ከሚጠየቀው ክፍያ፣ ስልክ ቶሎ እንዲነሳልን ከሚሸጠው ጥቅል። ኪሳራውን የሚሸፍንለት የእኛ መጨናነቅ ነው ማለት ነው። ይህ በጣም አስቆጥቶኛል፤ አሁንም ያስቆጣኛል። ችግራችን ላይ ዋጋ የለጠፈ ሱቅ ችግራችንን ቶሎ ለመፍታት ምን ያተጋዋል?

«ያ ሦስት ቦታ ቀረ የሚለውስ ጋሼ? ውሸት ነው?»

«ሙሉ ውሸት አይደለም» አሉና ስክሪኑን ወደ እኔ አዞሩት። ሥዕል የለበትም፤ ፊደልና ቁጥር ብቻ ነው፣ ረድፍ በረድፍ። «የኢኮኖሚ ወንበር አንድ ይመስልሃል። ወንበሩ አንድ ነው፣ ዋጋው ግን ብዙ ደረጃ አለው። እያንዳንዱ ደረጃ በአንድ ፊደል ይጠራል። ከፊደሉ አጠገብ ያለው ቁጥር በዚያ ደረጃ ስንት ወንበር እንደሚሸጥ ይነግርሃል። ከ9 በላይ አይጽፍም፤ መቶ ቢኖርም 9 ነው የሚለው።» በእስክሪብቷቸው ጫፍ አንዱን ነኩት። ፊደሉ አጠገብ 3 ይላል። ከጎኑ ያሉት ግን 9፣ 9፣ 9 እያሉ ይሄዳሉ። «ሦስት የቀረው ርካሹ ነው። አውሮፕላኑ ገና አልሞላም። እነሱ ግን ሦስት ብቻ ሲሉህ አንተ አውሮፕላኑ ሊሞላ ነው ብለህ ትደነግጣለህ። ደንግጦ የሚገዛ ሰው ደግሞ ኢንሹራንሱን አያነብም።»

ወጥቼ ስሄድ ስልካቸውን በካርድ ላይ ጽፈው ሰጡኝ። የቢሮውን ሳይሆን የእጃቸውን ነበር።

ሆቴሎቹ ሌላ ታሪክ ናቸው። ከመልሱ በኋላ ቤተሰቡ ትንሽ ይረፍ ብለን ሐዋሳ ወርደን ነበር። አልጋ የያዝኩት እንደ ወትሮው በድረ ገጽ ነው። ሐይቁ ዳር ካለ መለስተኛ ሆቴል ስንደርስ እንግዳ ተቀባይዋ ረጅም መዝገብ ገለጠች። የአንዳንዱ እንግዳ ስም በሰማያዊ፣ የአንዳንዱ በቀይ ተጽፏል። የእኔ በቀይ ነው። ቀዩ ምን እንደሆነ ስጠይቃት አፈረች፤ ሥራ አስኪያጇ ከጀርባ ሆነው መለሱልኝ።

«በድረ ገጽ የመጡት ናቸው። ለእነሱ በወሩ መጨረሻ ሒሳብ ይመጣብናል።»

«ስንት ነው?»

«ከመቶ ዐሥራ አምስት። ከላይ እንታይ ካልን ደግሞ ይጨምራል።» ትንሽ አሰብ አድርገው ቀጠሉ። «አላማርርም። ስለ እኛ ሰምቶ የማያውቅ ጣልያናዊ እዚህ ድረስ የሚመጣው በእነሱ ነው። ግን ከአዋሬ ወይም ከሜክሲኮ ተነስቶ የሚመጣ ሰው ስልካችንን እያወቀው በእነሱ በኩል ሲይዝ ያመኛል። የሚከፈለው እኮ ከቁርሱ ነው፤ ከሠራተኛው ደሞዝ ነው።» ከዚያ ወደ እኔ ዘወር ብለው «በሚቀጥለው ጊዜ ይደውሉልን፤ ቁርሱን እኛ እንችላለን» አሉ።

እኚህ ሴት የነገሩኝ ዓለም ላይ ያለውን አሠራር ነው። ቡኪንግ ዶት ኮም በ1996 ኔዘርላንድስ ውስጥ ሲጀመር አሠራሩ ቀላል ነበር፦ እንግዳው ለሆቴሉ ይከፍላል፣ ሆቴሉ በኋላ ኮሚሽን ያስገባል። በ2005 ፕራይስላይን ሲገዛው የከፈለው 133 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው። የእናት ኩባንያው ገቢ በ2023 ብቻ ከ21 ቢሊዮን ዶላር አልፏል፤ የዚህ ትልቁ ምንጭ በየአገሩ ያሉ ሆቴሎች ከአንድ አዳር ላይ የሚቆርጡት ድርሻ ነው። ከዚያው ገቢ ከ6 ቢሊዮን ዶላር በላይ የወጣው ለማስታወቂያ ነው፤ ብዙው ወደ ጉግልና መሰሎቹ ይሄዳል። የሐዋሳውን ሆቴል ስም ጉግል ላይ ጽፈን ስንፈልግ ከሆቴሉ በላይ የድረ ገጹ ማስታወቂያ የሚወጣው ለዚህ ነው። ማስታወቂያው የሚከፈለው ሆቴሉ ከሚያስገባው ኮሚሽን ነው። ሆቴሉ በገዛ ገንዘቡ ከገዛ ስሙ በታች ወረደ ማለት ነው። ከሁሉም የከነከነኝ ይህ ነው።

ለብዙ ዓመት ደግሞ ውሉ ላይ ሆቴሉ በራሱ ገጽ ከድረ ገጹ አርክሶ እንዳይሸጥ የሚያግድ አንቀጽ ነበር። ፈረንሳይ በ2015 በሕግ ከለከለችው፤ ጀርመንም በዚያው ዓመት ቡኪንግን አገደች። መላው የአውሮፓ ኅብረት በዲጂታል ገበያ ሕጉ እስኪያስቆመው ግን እስከ 2024 መጠበቅ ነበረበት።

ገንዘቡን ቀድሞ የሚቀበለውም አለ። ኤርቢኤንቢ ከእንግዳው የተቀበለውን ለባለቤቱ የሚለቀው እንግዳው ከገባ ከ24 ሰዓት ገደማ በኋላ ነው። ለእንግዳው ጥሩ ዋስትና ነው፤ ቤቱ ከሌለ ገንዘቡ አልተበላም። ነገር ግን ሰው የክረምቱን ቤት በበጋ ይይዛል፤ በመሃል ገንዘቡ ኩባንያው ጋ ተቀምጦ ወለድ ይወልዳል። ኤርቢኤንቢ በ2023 ካለው ገንዘብ ያገኘው ወለድ ከ700 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነው። እንደ ጋሼ ያለ ትንሽ ወኪል ዘንድ ገንዘባችን አንድ ሳምንት እንኳ አያድርም።

«በአዲስ አበባ ምርጥ 10 ሆቴሎች» ስለሚሉት ጽሑፎች ብዙ አልልም። አገናኛቸው ላይ የጸሐፊው ምልክት ተለጥፏል፤ ተጭነን ከገዛን ለእሱ ድርሻ ይሄዳል። ቦሌን ረግጦ የማያውቅ ሰው ስለ ቦሌ ቢጽፍም ድርሻው አይቀርበትም። አሜሪካ ውስጥ ሕጉ ይህን ግንኙነት ለአንባቢ በግልጽ እንዲናገሩ ያስገድዳል፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚናገሩት ግን ማንም በማያይበት ጥግ በትንንሽ ፊደል ነው።

አዲስ አበባ ቤት የተከራየ ሰው ደላላን ያውቃል። ደላላው ፊታችን ቆሞ፣ ከእኛ ይህን ያህል ከአከራዩም ይህን ያህል ብሎ፣ በዓይናችን እያየን ይቀበላል። እንከራከረዋለን፣ እንቆጣዋለን፣ ግን ስሙንም ሰፈሩንም እናውቃለን፤ ነገር ቢበላሽ ሄደን እንይዘዋለን። ድረ ገጾቹም የሚሠሩት ሥራ ይኸው ነው፤ ለሥራቸው መከፈላቸው ተገቢ ነው። እኔ የምቃወመው የሚከፍላቸው ሰው ከዓይናችን መሰወሩንና ነገር ሲበላሽ የሚያዝ ሰው መታጣቱን ነው። ያኔ እሑድ ዳቦ ቤቱ አጠገብ ተቀምጬ የምይዘው ሰው አልነበረኝም።

ስለዚህ ለዚህ ዓመት ጥር የምትዘጋጁ ወገኖቼን አንድ ነገር እለምናለሁ። አነጻጻሪዎቹን ተጠቀሙ፤ ዋጋ ለማየት ጥሩ ናቸው። ዋጋውን ካያችሁ በኋላ ግን የአየር መንገዱን የራሱን ገጽ ክፈቱ። ልዩነቱ ትንሽ ከሆነ ከዚያው ቁረጡ። ከአሜሪካ ለሚነሳ ወይም ወደ አሜሪካ ለሚመጣ በረራ፣ ጉዞው ቢያንስ 7 ቀን ሲቀረው ከአየር መንገዱ በቀጥታ የተገዛ ትኬት በ24 ሰዓት ውስጥ ያለ ቅጣት ይሰረዛል፣ ወይም ሳይከፈልበት በዚያው ዋጋ ለ24 ሰዓት ይያዛል፤ ይህ ግዴታ ያለበት አየር መንገዱ ነው፣ ወኪል ድረ ገጽ አይደለም። በወኪል የምትቆርጡ ከሆነ ደግሞ በስልክ የሚገኝ ሰው ያለው ወኪል ይሁን። ከመክፈላችሁም በፊት ካርዳችሁ ላይ ገንዘቡን የሚወስደው ማን እንደሆነ፣ ስሙን አንብቡ። በረራው ቢቀየር የምትደውሉት ለእሱ ነው። ሐዋሳም፣ ጎንደርም፣ አርባ ምንጭም ስትሄዱ ለሆቴሉ በቀጥታ ደውሉላቸው፤ ስልካቸው አለ፣ ያነሳሉ።